ግድግዳው ሲረጥብ ማን ይጠየቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖር ነበር፡፡ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ልስብ ስል ከኋላው ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አስቸገረኝ፡፡ አላቅቄ ሳየው ሽፋኑ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፡፡ መደርደሪያውን ፈቀቅ ስናደርገው ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ አገኘነው፡፡ ክፍሉ ከፊት ለፊት ለሚያየው ግን ንጹሕ ነበር፤ ቀለም ከተቀባ ገና ሁለት ወሩ ነው፡፡

አከራያችን ጨዋና ቅን ሴት ነበሩ፡፡ መጥተው አዩና አዘኑ፡፡ ከዚያም፣ ‹‹መቼም እናንተ መስኮት አትከፍቱም፤ እንጀራውም የሚጋገረው እዚሁ ነው፤ እንፋሎቱ ታዲያ የት ይሂድ?›› አሉን፡፡ ባለቤቴ፣ ‹‹እትዬ፣ ማዕድ ቤቱ እኮ በዚያኛው በኩል ነው፤ ይህ ግድግዳ የሚዋሰነው ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ነው›› ብትልም ክርክሩ አልገፋም፡፡ በሳምንቱ ቀለም ቀቢ ተላከልን፡፡ በረኪና ረጨ፣ ስቱኮ ለጠፈ፣ ቀለም ደረበበት፡፡ ለሦስት ሳምንት ያህል ግድግዳው አማረበት፡፡

ምስጢሩን የፈታችው ባለቤቴ ናት፡፡ በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለነበር የመጣበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ የመጻፍ ልማድ ነበራት፡፡ ግድግዳው የሚብሰው ዝናብ በጣለ ወይም እንጀራ በተጋገረ ቀን ሳይሆን ውኃ በመጣ ማግስት መሆኑን ከዚያ ላይ አነበበች፡፡ ከእኛ በላይ የሚኖረውን ወጣት ስናነጋግረው፣ ‹‹ጋሼ፣ የእኛ ቤት ምንም አያፈስም፤ ገብተው ይዩ›› አለኝ፡፡ ገብቼ አየሁ፤ እውነቱን ነበር፤ ወለሉ ደረቅ ነው፡፡ በሚቀጥለው የውኃ ቀን ግን በእርሱ ፈቃድ የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግተን ቆጣሪውን ስናይ ትንሿ ጎማ መዞሯን አላቆመችም፡፡ ውኃው የሚያመልጠው ከግድግዳው ውስጥ ነበር፡፡

ይህን የግል ገጠመኝ ያነሳሁት አከራያችንን ለመውቀስ አይደለም፡፡ በከተማችን ቤት የገዛ፣ ያከራየ ወይም የተከራየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው፡፡ እርጥበት የጓዳ ጉዳይ ይመስላል፤ የቤት እመቤትና የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ተደርጎም ይታያል፡፡ እንደ ሕግ ሰው ስመለከተው ግን ከሁሉ በፊት የማስረጃ ጥያቄ ነው፡፡ ውኃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ማን እንደሚጠግን፣ ማን እንደሚከፍል፣ ማንስ እንደሚካስ ሊታወቅ አይችልም፡፡ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ ቀለም ሳይቀባበት በፊት ነው፡፡

በዚህ ጉዳይ በቅርብ ዓመታት እጅግ የተነገረለት አሳዛኝ ታሪክ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር ነው፡፡ ሮችዴል በምትባለው ከተማ ከሱዳን የመጡ ባልና ሚስት ባለ አንድ መኝታ የማኅበራዊ ኪራይ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር፡፡ አባትየው በቤቱ ውስጥ ሻጋታ እንዳለ ለአከራዩ የቤቶች ድርጅት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፡፡ የተሰጠው ምላሽ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር፡፡ ልጃቸው አዋብ ኢስሃቅ ተወለደ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 አባትየው በጠበቃ አማካይነት የጥገና ክስ ጀመረ፤ የድርጅቱ አሠራር ግን የሕግ ክርክር የተነሳበት ቤት ከጠበቆቹ ጋር ስምምነት ላይ ሳይደረስ እንዳይጠገን የሚያደርግ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አንዲት የጤና ባለሙያም ስለ ሻጋታው ለድርጅቱ ጽፋለች፡፡ አዋብ ሁለተኛ ዓመቱን ባከበረ በስምንተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 2020 ሞተ፡፡

የአሟሟቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2022 በሰጡት ውሳኔ ሕፃኑ የሞተው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ለነበረ ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመጋለጡ ምክንያት በተከሰተ ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን በግልጽ አስቀመጡ፡፡ ሻጋታ እንዲህ ባለ ግልጽነት የሞት ምክንያት ሆኖ በውሳኔ ላይ ሲሰፍር ብዙም አይታይም፡፡ የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በዚያው ሳምንት ከኃላፊነት ተነሡ፡፡ ድርጅቱም ስለ ቤተሰቡ ‹‹የአኗኗር ዘይቤ›› ግምት ወስዶ እንደነበርና ይህም ስህተት እንደነበር አምኗል፡፡

እዚህች ላይ ጥቂት ልቆይ፡፡ ‹‹የአኗኗር ዘይቤ›› የምትለዋ ሐረግ በእንግሊዝ አገር ለዓመታት ያገለገለች ማምለጫ ነበረች፡፡ ተከራዩ ልብስ ቤት ውስጥ ያሰጣል፣ ብዙ ይታጠባል፣ ብዙ ያበስላል፣ መስኮት አይከፍትም ይባላል፡፡ የአገሪቱ የቤቶች እንባ ጠባቂ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ባወጣው ሪፖርት አከራዮች ከዚህ አስተሳሰብ እንዲወጡ ያሳሰበው የአዋብ ጉዳይ ገና ለሕዝብ ጆሮ ሳይደርስ ነው፡፡ የእኛዋ ‹‹እንጀራ ስለምትጋግሩ ነው›› የዚያችው ሐረግ እህት ናት፡፡ በሁለቱም ዘንድ መርምሮ ከማወቅ በፊት ጥፋተኛው ተለይቶ አድሯል፡፡

እንግሊዞች ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለሕግ ሰው ትምህርት አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የማኅበራዊ ቤቶች ሕግ በልጁ ስም የሚጠራ ክፍል ተጨመረበት፤ ዝርዝር ደንቡም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 27 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ በሥራ ላይ ውሏል፡፡ አከራዩ አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት ውስጥ መርምሮ ማስወገድ አለበት፡፡ ከፍተኛ የሆነ የእርጥበትና የሻጋታ ችግር ሲነገረው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመረምራል፤ የምርመራውን ውጤት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለተከራዩ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ምርመራው በተጠናቀቀ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ደግሞ ቤቱን ከአደጋ ነፃ የሚያደርግ ሥራ ይሠራል፡፡ ልብ በሉ፣ ሕጉ መጀመሪያ ያዘዘው ጥገናን ሳይሆን ምርመራን ነው፡፡ ቀለም መቀባት ምርመራ አይደለምና፡፡ እስካሁን ግዴታው የተጣለው በማኅበራዊ ቤት አከራዮች ላይ ብቻ ቢሆንም ወደ ግል አከራዮችም እንዲዘልቅ የሚያስችል ሕግ በዚያው ጥቅምት ወር ጸድቋል፡፡

ወደ ጤናው ጉዳይ ብዙ አልገባም፤ ሐኪም አይደለሁም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ እርጥብ ቤት ውስጥ መኖር ከአስም፣ ከሳልና ከሌሎች የመተንፈሻ አካላት ችግሮች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስፍሯል፡፡ ከዚያ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን ሌላው ነጥብ ነው፡፡ ከዚህ በታች ከሆነ ደኅና ነው የሚባል የሻጋታ መጠን ለማስቀመጥ አልተቻለም፤ ስለዚህም መከላከል ያለበት እርጥበቱ ራሱ ነው፡፡ የሻጋታውን ዓይነት በላቦራቶሪ አስለይቶ ገንዘብ መጨረስም በአብዛኛው አያስፈልግም፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ይህን እንደ መደበኛ እርምጃ አይመክርም፡፡ ጥቁር ሆነ አረንጓዴ፣ ጥያቄው ውኃው ከየት መጣ ነው፡፡

ታዲያ የተደበቀ ውኃ እንዴት ይታወቃል? ከመሐንዲሶችና ከቧንቧ ሠራተኞች ጋር ባደረግኩት ጭውውት፣ በራሴም መከራ የተማርኩትን ላካፍል፡፡

መጀመሪያ የሚሠራው አፍንጫ ነው፡፡ ተዘግቶ የሰነበተ ክፍል ሲከፈት የአፈር፣ የአሮጌ ጆንያ ዓይነት ሽታ ካለው ሻጋታው ባይታይም አንድ ቦታ አለ፡፡ ቤት አሳዪ ሰው መስኮቶቹን ሁሉ አስቀድሞ ከፍቶ ወይም ዕጣን አጭሶ ከጠበቀ ሌላ ጊዜ ሳይነገረው ተመልሶ መሄድ አይከፋም፡፡ (ዕጣን የሚያጨስ ሁሉ ሸሻጊ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፡፡) ቀጥሎ ዓይን ነው፤ ግን ወደ ተቀባው ሰፊ ግድግዳ አይደለም የሚያየው፡፡ የቁም ሳጥን ጀርባ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ የመጋረጃው የታችኛው ጥግ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር መቃን የታችኛው ጫፍ ይታያል፡፡ መቃኑ አብጦ ወይም በስብሶ ከተገኘ ውኃው በሴራሚኩ ሥር እየተጓዘ ነው፡፡ ብዙ ሰው ሴራሚክ ውኃ አያሳልፍም ብሎ ያምናል፡፡ ሴራሚኩ ባያሳልፍም መገጣጠሚያው ያሳልፋል፤ ውኃን የሚያግደው ከሥሩ መነጠፍ ያለበት መከላከያ ንብርብር ነው፤ ከተነጠፈ፡፡

የእርጥበቱ መልክ ራሱ ይናገራል፡፡ ከወለል ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ነጭ የጨው ብናኝ ያለው መስመር ከሆነ ውኃው ከመሬት በግድግዳው እየተመጠጠ ነው፤ ይህ በምድር ቤቶችና በቆዩ የጭቃና የድንጋይ ቤቶች ላይ ይበዛል፡፡ በኮርኒስ ላይ ክብ እየሠራ እንደ ቡና ዝቃጭ የሚያጠቁር ከሆነ ከላይ ነው የሚመጣው፤ ዝናብ ተከትሎ የሚሰፋ ከሆነ ጣሪያው ወይም የሶሌታው ውኃ መከላከያ፣ በጋውንም የሚሰፋ ከሆነ ቧንቧ ይጠረጠራል፡፡ በክፍሉ ቀዝቃዛ ጥጎች ላይ እንደ ነጠብጣብ የተበተነ ሻጋታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአየሩ የሚጠነፍፍ እርጥበት ነው፡፡

ይህ የመጨረሻው ጥቂት ማብራሪያ ይሻል፤ አከራይና ተከራይ የሚጣሉት በእርሱ ነውና፡፡ 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር 14 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ገጽ ሲነካ ውኃ ይሆናል፡፡ ሻጋታ ግን ግድግዳው እስኪያልበው ድረስ አይጠብቅም፤ በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው እርጥበት 80 በመቶ ገደማ ሆኖ ከሰነበተ ይበቃዋል፡፡ በክረምት የአዲስ አበባ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ በሚወርድበት ጊዜ በቀጭን ብሎኬት የተሠራ የውጭ ግድግዳ፣ በተለይ ቁም ሳጥን ተለጥፎበት የክፍሉ ሙቀት የማይደርሰው ጥግ፣ ለዚህ የተመቸ ነው፡፡ ስለዚህ እንፋሎት ምንም አያደርግም አልልም፡፡ የእንጀራ ምጣድም፣ ቤት ውስጥ የሚሰጣ ልብስም ድርሻ አላቸው፡፡ ሆኖም ማዕድ ቤቱን ያለ ጢስ መውጫ፣ መታጠቢያ ቤቱን ያለ መስኮት የሠራው ተከራዩ አይደለም፡፡

ሁለቱን የሚለይ ርካሽ ፈተና አለ፡፡ በተጠረጠረው ቦታ ላይ በደንብ አድርቀው የአሉሚኒየም ፎይል ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይለጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀው ያሽጉ፤ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት፡፡ ሲያነሡት በክፍሉ በኩል ያለው ገጽ ከረጠበ ውኃው ከክፍሉ አየር ነው፡፡ በግድግዳው በኩል ያለው ከረጠበ ከግድግዳው እየወጣ ነው፡፡ ለኮንክሪት ወለል የሚደረገውም ተመሳሳይ ነው፤ በየጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ታሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል፡፡ ፈተናው ፍጹም አይደለም፤ ግን ከ‹‹መስኮት አትከፍቱም›› ይሻላል፡፡ እኛም ይህን አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ሁለት ወር ባልተከራከርን፡፡

የቆጣሪውን ነገር ከላይ ጠቅሻለሁ፡፡ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ ቁጥሩን ጽፎ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ማየት ነው፡፡ በእኛ አገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ውኃ በሌለበት ቀን የተደረገ ፈተና ምንም አያሳይም፡፡ ሮቶ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት ፈተና ያስፈልገዋል፤ ከቆጣሪ እስከ ሮቶ አንድ፣ ከሮቶ እስከ ቤት አንድ፤ ሁለተኛውን ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ ከፍታ ላይ ምልክት አድርጎ አድሮ በማየት፡፡ ቆጣሪው ቆሞ ግድግዳው ከረጠበ ጥርጣሬው ወደ ፍሳሽ መስመሩና ወደ መታጠቢያው ወለል ይዞራል፡፡ የወለሉን ማፍሰሻ ደፍኖ ጥቂት ጣት ያህል ውኃ አጠራቅሞ አንድ ቀን ማቆየትና የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ማየት መልሱን ይሰጣል፡፡ ለዚህ የታችኛው ጎረቤት ፈቃድና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት በማይነጋገርበት ሕንፃ ውኃው ለዓመታት ይፈስሳል፡፡

ስለ መሣሪያዎችም አንድ ቃል፡፡ አሁን አሁን የሙቀት ካሜራና የእርጥበት መለኪያ ይዘው የሚመጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ጥሩ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የሙቀት ካሜራ ውኃን አያይም፤ የሚያየው የሙቀት ልዩነትን ብቻ ነው፡፡ ቀዝቃዛ ቦታ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ የኮንክሪት ምሰሶም ሊሆን ይችላል፡፡ ሁለት መርፌ ያለው መለኪያም መጀመሪያ ለእንጨት የተሠራ ነውና ልስን ላይ የሚያሳየው ቁጥር እርጥቡን ቦታ ከደረቁ ለማነጻጸር እንጂ በራሱ አይቆምም፤ ጨው ያለበት ግድግዳ ደረቅ ሆኖ ሳለ እርጥብ ነው ያሰኘዋል፡፡ በአንድ የመሣሪያ ንባብ ብቻ የተጻፈ ሪፖርት ይዞ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው በመስቀለኛ ጥያቄ ይቸገራል፡፡

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ ልምጣ፡፡ ብዙ ሰው በእኛ አገር ስለዚህ ምንም ሕግ የለም ይላል፡፡ አለ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የሥራ ተቋራጩ ሥራውን በሚገባ ስለመሥራቱና ስለ ሕንፃው ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም አይጸናም፡፡ ገና ያልተሠራ ቤት ወይም አፓርታማ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረግ ውልም በዚሁ ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል ሆኖ ይቆጠራል፡፡ ስለዚህ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ከሪል ስቴት የገዛ ሰው በሦስተኛው ክረምት ግድግዳው ሲያፈስ ‹‹ተረክበሃል፤ ፈርመሃል›› የሚለው መልስ የነገሩ ማብቂያ አይደለም፡፡ የተሠራ ቤት ለሚገዛ ደግሞ የሽያጭ ሕጉ አለ፡፡ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ ነው፤ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ ‹‹ኃላፊነት የለብኝም›› በሚል የውል ቃል አያመልጥም፡፡

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት፤ የጊዜ ገደቡም አጭር ነው፡፡ በትንሽ ጥንቃቄ ሊያየው ይችል የነበረውን ጉድለት አላየሁም ቢል አይሰማም፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲታይና ሲገዛ በብዛት የሚገጥመው ደግሞ ደረቁ ወቅት ነው፡፡ ጥር ላይ የተሸጠ ቤት እውነተኛ ጠባዩን የሚያሳየው ሐምሌ ላይ ነው፡፡ ያን ጊዜ ገዢው በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቀለም ቀቢ መጥራት፡፡ ልስኑን ያስፈነቅላል፣ ያስቀባል፣ ፎቶግራፍ እንኳ አያነሳም፤ በጽሑፍ አያሳውቅም፡፡ በሁለተኛው ክረምት ሲመለስበት ነው ወደ ጠበቃ የሚሮጠው፡፡ ባለ ግዴታ መኖሩን ማስረዳት ያለበት ጠያቂው መሆኑን ሕጉ ደንግጓል፤ እርሱ ግን ማስረጃውን በገዛ ገንዘቡ አስቀብቶበታል፡፡ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው፡፡

አዲስ ሕንፃ ላይ ለሚነሳው ክርክር አንድ ነገር ልጨምር፡፡ ኮንክሪትና ልስን ሲሠሩ ብዙ ውኃ ይዘው ነው የሚወለዱት፡፡ የባለሙያዎች ግምት አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ኮንክሪት ለመድረቅ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል የሚል ነው፡፡ ርክክብ ለማፋጠን እርጥብ ልስን ላይ ፕላስቲክ ቀለም የደረበ ተቋራጭ ውኃውን አሽጎበታል ማለት ነው፤ በዓመቱ ቀለሙ እንደ ፊኛ አብጦ ይላቀቃል፡፡ ይህ የሚያፈስ ቧንቧ አይደለም፤ ግን ሥራውን በሚገባ አለመሥራት ነው፡፡

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት ዐዋጅ ቁጥር 370 እያንዳንዱ ሰው የቤቱ፣ ማኅበሩ ደግሞ የጋራ መጠቀሚያው ጠባቂ እንዲሆን አድርጓል፡፡ ጣሪያውና የውጭ ግድግዳው የጋራ ናቸው፤ ሶፋህ ያንተ ነው፡፡ በሁለት ቤቶች መካከል ባለ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧስ? መልሱ ሕንፃው ሲመዘገብ በቀረበው መግለጫ ውስጥ መሆን ነበረበት፤ መግለጫውን አይቶ የሚያውቅ ነዋሪ ግን ስንት ነው? በእኛ ሕንፃ የማኅበሩ ሰብሳቢ ቧንቧው የላይኛው ቤት ነው አሉ፤ ወጣቱ የጋራ ነው አለ፤ አከራያችን የማንም ይሁን እኔን አይመለከትም አሉ፡፡ ሦስቱም ከልባቸው ነበር፡፡ በመጨረሻ ወጪው ለሦስት ተከፈለ፤ ሕጉን ስለተከተሉ ሳይሆን ስለሰለቻቸው፡፡

ተከራዩ ከሁሉም ደካማው ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አድርጓል፡፡ ትልቅ እርምጃ ነው፡፡ የዐዋጁ ዓይን ያረፈው ግን በኪራይ መጠኑና በማስወጣት ላይ ነው እንጂ በቤቱ ጤንነት ላይ አይደለም፤ እንደ እንግሊዙ በቀን የተቆጠረ የምርመራ ግዴታ የለበትም፡፡ ፍትሐ ብሔር ሕጉ አከራይ ቤቱን በደኅና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ግዴታው ግን መቼ? በስንት ቀን? ይህን የሚያስከብር ተከራይ ፍርድ ቤት ሄዶ ወራት መጠበቅ አለበት፤ ልጁ እያሳለ፡፡ የአከራይን ጎንም መርሳት አይገባም፡፡ ብዙዎቹ አከራዮች በጡረታ ገንዘብ የሚኖሩ፣ ከዕጣ ያገኙትን አንድ ቤት አከራይተው የሚተዳደሩ ናቸው፤ ልስን ማስፈንቀል የሁለት ወር ገቢያቸውን ሊወስድ ይችላል፡፡ ምርመራው ግን ውድ አይደለም፡፡ ፎይልና ፕላስተር፣ የቆጣሪ ንባብና አንድ ቀን ብቻ ነው፡፡

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፡፡ የኪራይ ውል በሚመዘገብበት ጊዜ የቤቱ ሁኔታ የሚገለጽበት አንድ ገጽ ይታከልበት፤ ያፈሰሰ ቦታ፣ የተጠገነበት ቀን፣ የቆጣሪ ንባብ፣ የጥጎች ፎቶግራፍ፡፡ ተከራይ እርጥበት በጽሑፍ ሲያመለክት አከራዩ በተወሰነ ቀን ውስጥ የውኃውን ምንጭ አስመርምሮ በጽሑፍ ይመልስ፤ ምርመራው ሳይደረግ ቀለም መቀባት እንደ ጥገና አይቆጠር፡፡ በአዲስ ሕንፃ ርክክብ ላይ የመታጠቢያ ቤት ወለል በውኃ ተሞልቶ ሳይፈተን ፊርማ አይፈረም፤ ይህን በውሉ ውስጥ ለማስገባት አዲስ ዐዋጅም አያስፈልግም፣ ገዢዎች በኅብረት ቢጠይቁት ይበቃል፡፡ ክርክር ሲነሳም ፍርድ ቤቶች ባለሙያ ልከው ቦታውን ለማስመርመር የሥነ ሥርዓት ሕጉ የሰጣቸውን ሥልጣን ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠቀሙበት፤ በሁለተኛው ዓመት የተላከ ባለሙያ የሚያገኘው አዲስ ቀለም ነው፡፡

እስከዚያው ግን ቤቱ የረጠበበት ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፡፡ መጀመሪያ ፎቶግራፍ፣ ቀኑ በሚታይበት፡፡ ከዚያ ፎይሉ፣ ከዚያ ቆጣሪው፡፡ ከዚያ በሁለት ቅጂ የተጻፈ ማስታወቂያ፤ አንዱ ላይ ተቀባዩ ይፈርምበት፡፡ ቀለም ቀቢው መጨረሻ ላይ ይጠራ፡፡

የእኛ ግድግዳ ተከፍቶ ቧንቧው ሲቀየር ብሎኬቱ እስኪደርቅ ሦስት ወር ፈጀ፡፡ አከራያችን ከዚያ በኋላ ለባለቤቴ ስልክ ደውለው፣ ‹‹ልጄ፣ ያን የቀን መቁጠሪያ ጥለሽዋል እንዴ? አንድ ሌላ ቤት አለኝ፤ እንደዚያው እየሆነብኝ ነው›› አሏት፡፡